ፕሮፌሰር ኬነት ዲኬ፤ የታሪክ ጸሓፊና የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ

ታሪክን የሚጽፍ ሰውና ሥራን የሚያስተዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው በመጻሕፍት መካከል ተቀምጦ ያለፈውን ይመረምራል፤ ሁለተኛው በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ ለነገ የሚሆነውን ያሰናዳል። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው በተገናኙ ጊዜ ለአገር የሚሰጡት ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ከሚያስረዱን ሰዎች አንዱ ናይጄሪያዊው ፕሮፌሰር ኬነት ኦንውካ ዲኬ ናቸው። የእኒህ ሰው ሕይወት ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም የሚነግረው ነገር ስላለ፥ ታሪካቸውን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ትውልዳቸውና ትምህርታቸው

ዲኬ የተወለዱት ዲሴምበር 17 ቀን 1917 ዓ.ም. በምሥራቅ ናይጄሪያ በአውካ ከተማ ነው። አውካ ከጥንት ጀምሮ በብረት ሠሪዎቿ የታወቀች ስትሆን፥ ባለ እጆቿ መሣሪያቸውን ተሸክመው ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ይሠሩ ነበር። የዲኬም የትምህርት ዘመን ከዚሁ የአገራቸው ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ዕውቀትን ፍለጋ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ወጣትነታቸውን አሳልፈዋልና።

በመጀመሪያ በኦኒቻ ከተማ በሚገኘው በዴኒስ መታሰቢያ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ያን ጊዜ የወርቅ ጠረፍ ይባል በነበረው በዛሬው ጋና ወደሚገኘው ወደ አቺሞታ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በሴራሊዮን ወደሚገኘው ወደ ፉራ ቤይ ኮሌጅ ተሻገሩ። ፉራ ቤይ በ1827 የተመሠረተ ሲሆን ከ1876 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው ከደርሃም ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፥ ዲኬ በ1943 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በደርሃም ስም ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄደው በ1947 ከአበርዲን ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ፥ በ1950 ደግሞ ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ።

በእነዚያ ዘመናት በቅኝ ግዛት ትምህርት ቤቶች ታሪክ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ከሞላ ጐደል የገዢው አገር ታሪክ ነበረ። ስለ አፍሪካ የሚነገር ነገር ቢኖርም አውሮፓውያን ወደ አፍሪካ መጥተው ያደረጉትን የሚተርክ እንጂ አፍሪካውያን በገዛ አገራቸው የሠሩትን የሚናገር አልነበረም። ዲኬ በሎንዶን ለማዕረግ የሚያቀርቡትን ጥናት በመረጡ ጊዜ ይህን ልማድ ለመለወጥ ቈርጠው ነበር።

የወደብ ነጋዴዎች ታሪክ

ጥናታቸው ተሻሽሎ በ1956 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ንግድና ፖለቲካ በናይጀር ዴልታ፥ ከ1830 እስከ 1885» ማለት ነው። ዴልታ የተባለው ታላቁ የናይጀር ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ በረግረግና በደን መካከል የሚፈስበት ስፍራ ነው። በዚያም ቦኒ፥ ብራስና ካላባር የሚባሉ የወደብ ከተሞች ነበሩ። መሬታቸው ለእርሻ የማይመች ስለ ሆነ ሀብታቸውና ኃይላቸው በንግድ ላይ የተመሠረተ ነበረ። ቀድሞ ለመርከበኞች የሚሸጡት ሰውን ነበር፤ እንግሊዝ በ1807 የባሪያን ንግድ በሕግ ከከለከለች በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ ዘንባባ ዘይት ተመለሱ። ዘይቱ ለሳሙና፥ ለሻማና ለመኪና ማለስለሻ ይፈለግ ስለ ነበረ የሊቨርፑል መርከቦች እየመጡ በወንዞቹ አፍ መልሕቃቸውን ይጥሉ ነበር።

ከዲኬ አስቀድሞ ይህን ዘመን የጻፉት ሰዎች ነገሩን ያዩት ከመርከቡ ላይ ሆነው ነው፤ ዲኬ ግን ከየብሱ ሆነው ተመለከቱት። አውሮፓውያን ነጋዴዎች ለብዙ ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ውስጥ አገር ሳይገቡ የቀሩት ንዳድ ስለ ከለከላቸው ብቻ እንዳልሆነም አስረዱ። በርግጥ ንዳዱ ብርቱ ነበረ፤ በ1832 ማክግሬገር ሌርድ ወንዙን ሽቅብ ለመውጣት በተነሣ ጊዜ ከሄዱት 48 አውሮፓውያን በሕይወት የተመለሱት 9 ብቻ ነበሩ። በ1854 ዶክተር ቤኪ ለሰዎቹ ኪኒን እየሰጠ በተጓዘ ጊዜ ግን በንዳድ አንድም ሰው አልሞተበትም። ይሁን እንጂ ከንዳዱ ሌላ የከተሞቹ ነገሥታትና አቀባባይ ነጋዴዎች ወደ ውስጥ የሚወስደውን መንገድ በእጃቸው ይዘው ነበር። የመጣው መርከብ ሁሉ ለንጉሡ ቀረጥ ሳይከፍል ንግድ አይጀምርም፤ ዘይቱንም ከአቀባባዮቹ እጅ እንጂ ከገበሬው እጅ አይገዛም ነበር።

የንግዱ ሥርዓት የቆመው በዱቤ ነው። የሊቨርፑሉ ነጋዴ ጨርቁን፥ ጨውን፥ ጠመንጃውንና የብረት ዕቃውን አስቀድሞ ለአገሩ ነጋዴ ያስረክባል፤ ይህም በታንኳ ጭኖ ወደ ውስጥ አገር ገበያ ይወጣና ከወራት በኋላ ዘይቱን በበርሜል ሞልቶ ይመለሳል። እንግሊዞቹ ይህን ዱቤ በቋንቋቸው «እምነት» ይሉት ነበር። እምነቱ በፈረሰ ጊዜ አበዳሪው የባለ ዕዳውን ዘይት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም የዚያን ከተማ ሰው ዘይት በጉልበት መውሰድ ልማዱ ነበረ። ከዚህም ብዙ ጠብ ይነሣ ስለ ነበረ በ1854 በቦኒ የሁለቱም ወገን ነጋዴዎች በአንድነት የሚቀመጡበት የንግድ ሸንጎ ተቋቋመ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው ጃጃ ነው። ጃጃ በሕፃንነቱ ተሽጦ ወደ ቦኒ የመጣ ባሪያ ነበረ። በቦኒ እያንዳንዱ የንግድ ወገን «ቤት» ይባላል፤ ቤቱም ጌታውን፥ ልጆቹንና ባሮቹን ሁሉ የሚያጠቃልል ሲሆን ባሪያ እንኳ በንግድ ችሎታው እስከ አለቅነት ሊደርስ ይችል ነበር። አና ፔፕል የተባለው ቤት አለቃ በሞተ ጊዜ ለአውሮፓውያን ነጋዴዎች ከ10,000 እስከ 15,000 ፓውንድ የሚደርስ ዕዳ ትቶ ስለ ነበረ፥ ሌሎቹ ታላላቅ ሰዎች ዕዳውን ፈርተው ሹመቱን ሸሹት። በ1863 ጃጃ ተቀበለው፤ በሁለት ዓመትም ውስጥ ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። በ1869 ከተቀናቃኙ ቤት ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወገኖቹን ይዞ ከቦኒ ወጣና ወደ ዘይቱ ገበያ በሚያስገባው መንገድ ላይ ኦፖቦ የምትባል አዲስ ከተማ መሠረተ። ቦኒ ያን ጊዜ የንግድ በሯ ተዘጋ። እንግሊዝም በ1873 የጃጃን ንጉሥነት ዐውቃ ከእርሱ ጋር ውል ተዋዋለች።

መጽሐፉ ከንግዱ ጐን የፖለቲካውን አካሄድ እየተከተለ ያሳያል። በ1849 የእንግሊዝ መንግሥት ጆን ቢክሮፍትን በዚያ ጠረፍ ቆንስል አድርጎ ሾመ። የሹመቱ ምክንያት የእንግሊዝን ነጋዴዎች ጥቅም መጠበቅ ነበር፤ ሆኖም ገና አምስት ዓመት ሳይሞላ ቆንስሉ የቦኒን ንጉሥ ከዙፋኑ አውርዶ ከአገሩ እንዲወጣ አደረገ። ነጋዴን ለመጠበቅ የመጣው ሹም አገር ገዥ የሆነው በአንድ ቀን ሳይሆን ሸንጎ በማቋቋም፥ ዕዳ በማስከፈል፥ ውል በማዋዋልና በነገሥታት መካከል በመዳኘት ነው። የዚህም ፍጻሜ በጃጃ ላይ ታየ፤ ይህ የሆነው መጽሐፉ ከሚያበቃበት ዘመን ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። በ1887 ቆንስል ሃሪ ጆንስተን በሰላም ትመለሳለህ የሚል ቃል ሰጥቶ ለንግግር ከጠራው በኋላ ይዞ ወደ አክራ ላከው፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች አጋዙት። በ1891 ወደ አገሩ ለመመለስ ፈቃድ አግኝቶ ሲጓዝ በመንገድ ላይ ሞተ።

ዲኬ ነገሩን ሁሉ ጨርሰው ተናግረዋል ማለት አይደለም። በዚያው አገር ቀድሞ የአውራጃ ሹም የነበረው ጂ. አይ. ጆንስ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ «ቤቶቹ» ውስጣዊ ሥርዓት አንዳንዱን አስተያየት አርሞታል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የመጣ ጸሓፊ ሁሉ፥ የተስማማውም የተቃወመውም፥ መነሻ ያደረገው የዲኬን ሥራ ነው። በዚሁ በ1963 የኦክስፎርዱ የታሪክ ፕሮፌሰር ሂው ትሬቨር ሮፐር፥ በአፍሪካ ያለው የአውሮፓውያን ታሪክ ብቻ ነው፥ የቀረው ጨለማ ነው የሚል ሐሳብ በይፋ ተናገሩ። ለዚህ አነጋገር መልስ የሚሆነው መጽሐፍ ከገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ማተሚያ ቤት ከወጣ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሥራ

ዲኬ መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ ከማስረጃቸው ብዙውን ያገኙት በሎንዶን ከሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ቤት ነው። ስለ ገዛ አባቶቹ ለመጻፍ የሚሻ ሰው ባሕር ተሻግሮ የሌላውን መንግሥት ሣጥን ማስከፈት ግድ ሲሆንበት፥ በአገሩ ያለው ወረቀት ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዲኬ በ1950 ወደ ናይጄሪያ ተመልሰው በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ከጀመሩ በኋላ በ1951 በአገሪቱ ውስጥ የሚገኘውን የመንግሥት ጽሑፍ ሁሉ እየዞሩ እንዲመረምሩ ተሾሙ።

በየክፍለ ሀገሩና በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ያገኙት ነገር የሚያሳዝን ነበር። አሮጌው ደብዳቤና መዝገብ በአንዳንዱ ስፍራ በምስጥ ተበልቷል፤ በሌላው በእርጥበት ሻግቷል፤ ጠባቂና ዝርዝር የሌለው ክምር ሆኖ የተጣለም ነበር። ዲኬ የምርመራቸውን ውጤት ለመንግሥት አቀረቡ። በ1954 የናይጄሪያ መዝገብ ቤት በኢባዳን ተመሠረተ፤ ዲኬም የመጀመሪያው አለቃ ሆነው ከማስተማሩ ሥራ ጋር ለብዙ ዓመታት መሩት። በ1957 የመዝገብ ቤቱ ሕግ ታወጀ፤ ከኢባዳን ሌላም በኤኑጉና በካዱና ቅርንጫፎች ተከፈቱ።

የመንግሥትን ወረቀት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በመመለስ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ይህ ነገር በደንብ ይገባዋል። አንድ ደብዳቤ በተጻፈበት ቀን ተራ ጉዳይ ነው፤ ስለ ወሰን ክርክር፥ ስለ ቀረጥ ተመን ወይም ስለ አንድ ጉድጓድ ውሃ የሚናገር ይሆናል። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ወሰኑ የት እንደ ነበረ፥ ቀረጡም ስንት እንደ ነበረ የሚያስረዳ ሌላ ምስክር ላይገኝ ይችላል። ዲኬ ይህን ዐውቀው አስቀድመው ሣጥኑንና ቁልፉን፥ ዝርዝሩንና ጠባቂውን አዘጋጁ፤ ጸሓፊዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ።

በወረቀትም ብቻ አልተወሰኑም። ጽሕፈት ባልነበረበት አገር የሽማግሌዎች ቃል፥ የነገሥታት የትውልድ ሐረግ፥ የከተማ ቅጥርና ከመሬት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ማስረጃ ነው ብለው አስተማሩ። በእርሳቸው መሪነት በ1950ዎቹ ዓመታት ስለ ጥንታዊው የቤኒን መንግሥት ጥናት ሲጀመር፥ የታሪክ ሊቃውንት፥ የሕዝብን ልማድ የሚመረምሩና የከርሠ ምድር ተመራማሪዎች በአንድነት ተመደቡበት። በ1955 ዓ.ም. የናይጄሪያ የታሪክ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1956 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

በዩኒቨርሲቲው አለቅነት

የኢባዳን ኮሌጅ በ1948 ሲመሠረት ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ነበረ፤ የትምህርቱ ሥርዓትና የሚሰጠው ዲግሪ የሎንዶን ነበር። ናይጄሪያ ኦክቶበር 1 ቀን 1960 ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት ዲኬ የኮሌጁ አለቃ ሆነው ተሾሙ፤ ለዚህ ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያው ናይጄሪያዊም እርሳቸው ናቸው። በ1962 ኮሌጁ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዲኬ የመጀመሪያው ምክትል ቻንስለር ሆኑ። በእንግሊዝ ልማድ ቻንስለርነት የክብር ሹመት ሲሆን ሥራውን በእውነት የሚያካሂደው ምክትሉ ነው።

የአስተዳደራቸው ጠባይ ከታሪክ ሥራቸው ጋር አንድ ነበር። ከውጭ የመጣውን ሁሉ አልጣሉም፤ የሎንዶንን የፈተና ጥብቅነት ለመጠበቅ ደከሙ። ነገር ግን ትምህርቱ የአገሩን መሬትና ሕዝብ የሚመለከት እንዲሆን አደረጉ። በ1962 የአፍሪካ ጥናት ተቋም በዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ወጣቶቹ ሊቃውንት የዶክተርነት ጥናታቸውን በአገራቸው መዝገብ ቤት ገብተው እንዲሠሩ መንገዱ ተጠረገ፤ ከ1965 ጀምሮ ሥራዎቻቸው የኢባዳን የታሪክ መጻሕፍት በሚል ስም በዲኬ አዘጋጅነት በተከታታይ ታተሙ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ክርስቲያን ሚስዮኖች የጻፉት የጄ. ኤፍ. አዴ አጃዪ ሥራ ነበር፤ እርሳቸውም በኋላ የሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር ሆነዋል።

በዲሴምበር 1962 ስለ አፍሪካ የሚያጠኑ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአክራ ሲያደርጉ ፕሬዚዳንት ንክሩማ በንግግር ከፈቱት፤ ጉባኤውን የመሩት ዲኬ ነበሩ። ይኸው ጉባኤ በ1967 በዳካር፥ በ1973 ደግሞ በአዲስ አበባ ተደርጓል።

የ1966 ዓ.ም. መከራ

ዲኬ የኢግቦ ተወላጅ ናቸው፤ ኢባዳን ደግሞ የዮሩባ ከተማ ናት። ፌዴሬሽኑ ሰላም በነበረበት ጊዜ ይህ ነገር ሥራቸውን አላሰናከለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን የሹመት ክርክር ሁሉ የዘር ክርክር እየሆነ መጣ። በ1965 በሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ኢግቦው ፕሮፌሰር ኤኒ ንጆኩ ተነሥተው ዮሩባው የታሪክ ሊቅ ዶክተር ሳቡሪ ቢዮባኩ በተተኩ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ታወከ፤ ቢዮባኩንም አንድ ተማሪ በጩቤ ወጋቸው፤ በሕይወት ግን ተረፉ። በ1966 ሁለት የወታደር ግልበጣዎች ተከታትለው ተደረጉ፤ በሰሜኑ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢግቦዎች ተገደሉ፤ የቀሩትም ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዲኬ ኢባዳንን ለቀው ሄዱ።

ሜይ 30 ቀን 1967 ምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም ተገንጥሎ ነጻነቱን ባወጀ ጊዜ ዲኬ ከወገኖቻቸው ጋር ቆሙ፤ በልዩ ልዩ አገሮች እየተዘዋወሩም የቢያፍራ መልእክተኛ ሆነው አገለገሉ። በኦገስት 1968 በአዲስ አበባ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሊቀ መንበርነት የተደረገው የሰላም ንግግር ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ጦርነቱ በጃንዋሪ 1970 በቢያፍራ መሸነፍ አበቃ።

በዚህ ነገር ላይ ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ ይፈርዳሉ። አንዳንዶች፥ የአንዲቱን አገር የጋራ መዝገብ ያቆመ ሰው እንዴት አገሪቱ እንድትከፈል ይሠራል ይላሉ። ሌሎች፥ ሕዝቡ ሲገደል ያየ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል ይላሉ። እኛ ከሁለቱ አንዱን አንፈርድም፤ ነገር ግን የዲኬ መጽሐፍ ራሱ አንድ ነገር ያመለክተናል። በዴልታው ወደቦች ንግዱን ያቆመው እምነት ነበር፤ እምነቱ በፈረሰ ጊዜ አንዱ ያጠፋውን ሌላው ይከፍል ነበር። የፌዴሬሽንም ነገር እንዲሁ ነው። በሰሜን የተገደሉት ሰዎች ከግልበጣው ጋር አንዳች ግንኙነት ያልነበራቸው ነጋዴዎች፥ ጸሓፊዎችና የባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ ሌሎች አደረጉት በተባለው ነገር እነርሱ ከፈሉ።

የመጨረሻው ዘመን

ከጦርነቱ በኋላ ዲኬ ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ አስተማሩ፤ በዚያም የመጀመሪያው የሜለን የአፍሪካ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከባዕድ አገር ክብር ይልቅ ግን የአገራቸው ሥራ ስለ ሳባቸው ተመልሰው አዲስ የተቋቋመውን የአናምብራ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንትነት መሩ። ኦክቶበር 26 ቀን 1983 በኤኑጉ አረፉ። ስለ አሮ ነጋዴዎች ከፌሊሺያ ኤኬጂዩባ ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ የታተመው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1990 ነው።

ዲኬ በመከራው ዘመን ትተውት የወጡት ዩኒቨርሲቲ ታላቁን ቤተ መጻሕፍቱን በስማቸው ሰይሞታል። የመሠረቱት መዝገብ ቤትም በዚያው በኢባዳን ይገኛል፤ ዮሩባው፥ ኢግቦውና ሐውሳው ተማሪ ያንኑ አንድ ዝርዝር እየገለጡ የሚሹትን ያስወጣሉ።

እንግዲህ ከእኒህ ሰው ሕይወት አስተዳዳሪና ነጋዴ የሚያገኙት ትምህርት ሩቅ አይደለም። ዲኬ የጃጃን ዘመን ሊጽፉልን የቻሉት በእርሱ ጊዜ የነበሩ ቆንስሎች የጻፉት ደብዳቤ፥ ነጋዴዎችም የተዋዋሉት ውል በሎንዶን ተጠብቆ ስለ ቆየ ነው። የጃጃ የራሱ ቤት የሂሳብ መዝገብ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ስለ ዱቤው፥ ስለ ዋጋውና ስለ ገበያው የምንሰማው ከአበዳሪዎቹ አፍ ብቻ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ሹሙ አሮጌውን ፋይል ስፍራ አጣበበ ብሎ ወደ እሳት ከመላኩ በፊት፥ ነጋዴውም የአባቱን የዱቤ መዝገብ ለመጠቅለያ ወረቀት ከመስጠቱ በፊት፥ በደረቅ ስፍራ አስቀምጦ በላዩ ዓመተ ምሕረቱን ቢጽፍበት የሚደክመው ድካም ጥቂት ነው። የሚጠቀሙበት ሰዎች ገና አልተወለዱ ይሆናል።